አባቴ በጾሙ መረቅ አልጠጣም አለ፤ ጥራጥሬ አቅሙን ይመልስለታል?

የሞጣዋ (ሰኞ፣ ማታ 2፡40)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

አባቴ ሰባዎቹን አጋምሷል። በሳንባ ምች ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ አሁን ሞጣ ቤቱ ገብቷል። ሳሉ ለቆታል። ሰውነቱ ግን አልቋል። ሲወጣ ሲመዝኑት 52 ኪሎ ነበር። ከወንበር ለመነሣት ሰው መደገፍ አለበት። «በደንብ ይብላ» ብለው ሸኙን፤ ምን ይብላ የሚለውን ግን የነገረን የለም።

ይህ ሁሉ የሆነው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። ነፍስ አባቱ ቤት ድረስ መጥተው «ሕመምተኛ ነህ፣ አትገደድም» አሉት። አልሰማም። «ፋሲካን ሳላይ ሥጋ የነካው ነገር በአፌ አይገባም» አለ፣ በቃ። ወንድሜ አጥንት ገዝቶ ይመጣል። እናቴ ቀኑን ሙሉ ትቀቅላለች። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሽሮና ምስር ሲቀርብለት ግን ይበላል። ወንድሜ ይናደዳል፤ «ሰው በሽሮ ነው ከሕመም የሚነሣው?» ይላል። ቤታችን የጭቅጭቅ ቤት ሆነ።

መረቅ በእውነት ከጥራጥሬ ይበልጣል? ወይስ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ አቅሙን ሊመልሱለት ይችላሉ? የምታውቁ በቁጥር ብታስረዱኝ ለወንድሜ አሳየዋለሁ።


እማማ ዘብቸና (ሰኞ፣ ማታ 3፡05)

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። አራስ የሚነሣው በመረቅ ነው። አጥንቱ የተሰበረ የሚጠገነው በመረቅ ነው። እናቶቻችን እንዲህ አድርገው ነው ያሳደጉን። ሽሮ ለጤነኛ ሰው ነው፤ ለደከመ ሆድ ይከብዳል። ነፍስ አባቱን እንደገና ለምኗቸው፤ ቀስ ብለው ያባብሏቸው። እምቢ ካሉ ግን አታስገድዷቸው። በግድ የተዋጠ ነገር አይረጋም።


ሥጋ ቤት ማርቆስ (ሰኞ፣ ማታ 3፡30)

እኔ ደብረ ማርቆስ ሥጋ ቤት ውስጥ ነው የኖርኩት ማለት ይቻላል፤ አባቴም ሥጋ ሻጭ ነበር። አንድ ነገር ልናገር። ሰው «ለሕመምተኛ ነው» ብሎ አጥንት ሲገዛ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። ሥጋውን ማን ይበላዋል? መልሱ ሁሌ አንድ ነው። ሥጋውን ልጆቹ ይበሉታል፣ ሕመምተኛው ውሃውን ይጠጣል። ይህ ያናድደኛል። ጉልበቱ ያለው ሥጋው ላይ ነው። የእኔ ሥራ አጥንት መሸጥ ነው፤ ግን ላባ የማይከብድ ሽማግሌ ውሃ ብቻ ሲያጠጡት ማየት አልወድም።


የምግብ ነገር (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡50)

እንደምን አደራችሁ። የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፤ ደምበጫ አካባቢ ነው የምሠራው። ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይቀርብልኛል፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ አባትሽ በቀን ስንት ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል? ጤነኛ ለሆኑ አረጋውያን በየኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመከራል። ከሕመም ለሚያገግሙ ከ1.2 እስከ 1.5 ይደርሳል። በ52 ኪሎ ስናሰላው በቀን ከ62 እስከ 78 ግራም ነው። ይህ ኩላሊታቸው ጤነኛ ከሆነ ነው። ኩላሊት የታመመ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ፕሮቲን መጨመር የለበትም።

አሁን መረቅ። ቤት ውስጥ በደንብ የተቀቀለ አንድ ኩባያ መረቅ ከ3 እስከ 6 ግራም ፕሮቲን ይይዛል። ኃይሉ ከ30 እስከ 50 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ስብ ከበዛበት ይጨምራል። ስለዚህ የአባትሽን የቀን ፕሮቲን በመረቅ ብቻ ለመሙላት ከ10 ኩባያ በላይ ማጠጣት ሊያስፈልግ ነው። ማንም አይችለውም።

ጥራጥሬ። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲንና 230 ኪሎ ካሎሪ አለው። 6.6 ሚሊ ግራም ብረት፣ ብዙ ፎሌት የሚባል ቫይታሚን፣ ብዙ ቃጫም አለበት። አንድ ኩባያ የበሰለ ሽምብራ 14 ግራም ያህል፣ ባቄላ 13 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። ከአጥንት፣ ከጅማትና ከቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣው ፕሮቲን በአብዛኛው ጄላቲን ነው። መረቁ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው እሱ ነው። ሰው «ረጋ፣ ጉልበት አለው» ይላል። ጄላቲን ግን ጎደሎ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ነገሮች ነው፤ ሰውነት ራሱ መሥራት የማይችላቸው 9 አሚኖ አሲዶች አሉ። ከእነሱ አንዱ ትሪፕቶፋን ይባላል፤ ጄላቲን ውስጥ ጨርሶ የለም። በጄላቲን ብቻ ጡንቻ አይሠራም።

ጥራጥሬም ብቻውን የሚያንሰው አሚኖ አሲድ አለው፤ ሜቲዮኒን የሚባለው። ላይሲን የሚባለው ግን ሞልቶታል። እህል በተቃራኒው ላይሲን ያንሰዋል፣ ሜቲዮኒኑ ግን የተሻለ ነው። ስለዚህ የጤፍ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። አባትሽ ጾማቸውን ሳይፈቱ አቅማቸውን መመለስ ይችላሉ። ይህን ለወንድምሽ አሳዪው።

መረቅ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ፈሳሽ ነው፣ ጨው አለው፣ ይሞቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። ምግብ አልወርድ ላለው ሰው መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነው። የመነሻ ነገር ነው እንጂ ማገገሚያ ምግብ አይደለም።


ጥያቄ አለኝ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡15)

የምግብ ነገር፣ አመሰግናለሁ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልተቀበልኩትም። መረቅ ዋናው ጥቅሙ ካልሲየሙ አይደለም እንዴ? አጥንት ሌሊቱን ሲቀቀል ማዕድኑ ወደ ውሃው ይወጣል። የአያቶቻችን ልምድስ? ሁሉንም ነገር በግራም መለካት አይቻልም።


የምግብ ነገር (ማክሰኞ፣ ቀን 7፡20)

ጥያቄህ ተገቢ ነው። የአጥንት ካልሲየም ጠጣር ማዕድን ሆኖ የተያዘ ነው፤ በተራ የፈላ ውሃ በቀላሉ አይሟሟም። ስለዚህ አንድ ኩባያ መረቅ ውስጥ የሚገኘው ካልሲየም አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ሚሊ ግራም አይበልጥም። አንድ ኩባያ ወተት 300 ገደማ አለው። 100 ግራም ጤፍ ራሱ 180 ሚሊ ግራም ያህል ይዟል። ጎጃም ውስጥ ጤፍ የሚበላ ሰው ለካልሲየም ብሎ አጥንት መቀቀል አያስፈልገውም።

የአያቶቻችንን ልምድ አከብራለሁ። ግን ልምዱን ሙሉውን እንየው። ዱሮ ለአራስ የሚቀርበው መረቅ ብቻ አልነበረም። ገንፎ በቅቤ አለ፣ አጥሚት አለ፣ አብሽ አለ። ሥጋውም አብሮ አለ። እረፍትም አለ። እኛ ከዚያ ሁሉ መረቁን ብቻ ነጥለን «እሱ ነው ያነሣት» አልን።


እማማ ዘብቸና (ማክሰኞ፣ ቀን 8፡00)

ይህስ እውነት ነው። ገንፎው አይቀርም ነበር። አጥሚቱም አይቀርም ነበር።


የሞጣዋ (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለወንድሜ አነበብኩለት። ዝም አለ። ከዚያ ያነሣው ነገር ግን ትክክል መሰለኝ። «እናታችን የምትሠራው ሽሮ እኮ ውሃ ነው፤ እሱም ውስጡ ምን አለ?» አለ። እውነቱን ነው። አባዬ ቀጭን ሽሮ ነው የሚወደው፤ ለመዋጥ ይቀለዋል። እና ቁጥሩ ለእንዲህ ዓይነቱ ሽሮም ይሠራል?


የምግብ ነገር (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10)

ወንድምሽ ዋናውን ነገር ነው የነካው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ግራም ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ፕሮቲን አለው። ጥያቄው ለአንድ ሰው ስንት ዱቄት ገባ ነው። አንድ ሰው የሚደርሰው 25 ግራም ዱቄት ከሆነ የሚያገኘው ፕሮቲን 5 ግራም ነው። ያ ከአንድ ኩባያ መረቅ ጋር እኩል ነው። ውሃው የበዛ ሽሮ በፕሮቲን መጠን ከመረቅ አይሻልም። ዱቄቱ 60 ግራም ሲሆን ግን 12 ግራም ይደርሳል። ድስቱ ያው ነው፣ ቅመሙም ያው ነው፤ ልዩነቱ ዱቄቱ ነው።

አባትሽ ቀጭን ከወደዱ አትከልክያቸው። ትንሽ ትንሽ እያረግሽ ደጋግመሽ ስጪ። ወይም ቀጭኑን ሽሮ አቅርበሽ ከጎኑ በደንብ የላመ ምስር አድርጊ። እንጀራውን ደግሞ ፈትፍቺላቸው።

ለአንድ ቀን ልደምርልሽ። ጠዋት አንድ ኩባያ ባቄላ ፉል፣ 13 ግራም። ምሳ ወፈር ያለ ሽሮ፣ 12 ግራም። ማታ አንድ ኩባያ ምስር በሁለት ጊዜ ተከፍሎ፣ 18 ግራም። በቀኑ ውስጥ አንድ የጤፍ እንጀራ፣ እንደ ውፍረቱ 10 ግራም ያህል። መሐል ላይ 30 ግራም የተፈጨ ለውዝ፣ 7 ግራም። ድምሩ 60 ነው። 62 ወደሚለው መነሻ በጣም ተጠግተናል። ለውዙን ንቀሽ እንዳታልፊው፤ እሱም ጥራጥሬ ነው። በዚያ ትንሽ መጠን 170 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል። የለውዝ ሻይ አድርገሽ ስጪያቸው።

ዘይትም አትሰስቺ። ኃይል ካነሰ ሰውነት ፕሮቲኑን ለማገዶ ያነደዋል።


የሞጣዋ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡35)

አንድ ችግር አለ። ባቄላ ሲበላ ሆዱን ይነፋዋል። ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። በዚህ ምክንያት ትናንት ምሳውን ትቶታል።


እማማ ዘብቸና (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00)

ይሄ የእኔ ጉዳይ ነው፣ ልመልስልሽ።

ባቄላውን ማታ ዘፍዝፊው። ጠዋት ውሃውን ድፊው፤ በዘፈዘፍሽበት ውሃ እንዳትቀቅዪው። በአዲስ ውሃ ይፍላ፣ አንድ ጊዜ ገንፈል ሲል ያንንም ድፊ። ከዚያ ልጡን ላጪው። ሆድ የሚያውከው ልጡ ነው፣ ለሽማግሌ ልጥ አይሰጥም። በደንብ ይብሰል፣ በጣት ሲጫን የሚፈርስ ይሁን። ዝንጅብል ቀጥቅጠሽ ጨምሪ። ነጭ አዝሙድም ጨምሪ።

ከዚህ የሚሻለው ደግሞ በቆልት ነው። ባቄላውን ዘፍዝፈሽ፣ ውሃውን አንጠፍጥፈሽ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነሽ አስቀምጪው። ጫፉ ብቅ ሲል ቀቅዪው። ያ ለሆድ የቀለለ ነው፤ ይጣፍጣልም። በጾም ሽማግሌዎች ሲበሉት ነው ያደግሁት።

ክክ ደግሞ አለ። የአተር ክክ አልጫ ያልተስማማው ሽማግሌ አላየሁም።

መረቅን እንደማልተው እወቂ። ግን ፋሲካ እስኪመጣ ይሄ ያቆያቸዋል።


የምግብ ነገር (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20)

እማማ፣ እጅዎ ይባረክ። ያሉት አብዛኛው በሳይንሱም ትክክል ነው። ጋዝ የሚያመጡት ስኳሮች መዘፍዘፊያው ውሃ ውስጥ በከፊል ይወጣሉ። ፊቴት የሚባል ነገርም በጥራጥሬ ውስጥ አለ፤ ብረትና ዚንክ ወደ ደም እንዳይገቡ ይይዛል። መዘፍዘፍ ይቀንሰዋል። ማብቀል ደግሞ የበለጠ ይቀንሰዋል። የእንጀራ ሊጥ ሲቦካም ያው ነው።


ግብጦ አብቃይ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡05)

ከመራዊ ነኝ። ጥራጥሬ ተነሥቶ ግብጦ እንዴት ይረሳል? ፕሮቲኑ ከብዙዎቹ ይበልጣል። እኛ ጋር ለም ያልሆነ መሬት ላይ፣ አሲዳማውም ላይ ይበቅላል፤ መሬቱንም ያድሳል። ዳንግላም፣ አዊም በሞላው ይዘሩታል። ከጠላና ከአረቄ ጋር የመቅመሻ ነገር ብቻ አድርገነው ቀረ እንጂ ለጾም ትልቅ ምግብ ነው።


የምግብ ነገር (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡40)

እስማማለሁ። 100 ግራም ደረቅ ግብጦ 36 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ምስር 25 ነው። ግን ለየሞጣዋ አባት አሁን አልመክርም። መራራነቱ አልካሎይድ ከሚባሉ ነገሮች ይመጣል፤ እነሱም ይመርዛሉ። በደንብ ያልተዘጋጀ ግብጦ አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያጭበረብራል፣ ራስ ያዞራል። ቆሞ መሄድ ላቃተው ሽማግሌ ራስ ማዞር ማለት ወድቆ መሰበር ነው።


ግብጦ አብቃይ (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡00)

ልክ ነው፣ አሠራሩን ልጻፈው ለሌሎች። መጀመሪያ ይቆላል። ከዚያ በጆንያ ተደርጎ ወራጅ ወንዝ ውስጥ ለቀናት ይከተታል። ወንዝ የሌለው በየጊዜው ውሃ መለወጥ አለበት። ምሬቱ ጨርሶ እስኪለቅ ድረስ ነው። ቀምሰኸው ቢጎመዝዝህ አልደረሰም፣ መልሰው። እናቴ «ገና ነው» ካለች ማንም እጁን አይሰድም።


ባለ ሪህ (ረቡዕ፣ ቀን 6፡30)

ለእኔ ሐኪሜ ጥራጥሬ ተው ብሎኛል። ሪህ አለብኝ። መረቅ ግን አልከለከለኝም። እዚህ የምትሉት ተቃራኒ ሆነብኝ።


የምግብ ነገር (ረቡዕ፣ ቀን 7፡45)

ሐኪምህ የራስህን ሁኔታ ስለሚያውቅ መልሰህ ጠይቀው። እኔ የማውቀውን ግን ልንገርህ። ሪህ የሚያባብሰው በምግብ ውስጥ ያለ ፒዩሪን የሚባል ነገር ነው። ፒዩሪን ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ሥጋ ሲቀቀል ከሥጋው እየወጣ መረቁ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ለሪህ መረቅ ከሚፈሩት አንዱ ነው። ጥራጥሬም ፒዩሪን አለው፤ ነገር ግን ሰዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ከአትክልትና ከጥራጥሬ የሚገኘው የሪህን አደጋ ሲጨምር አላዩም። ሥጋ፣ ቢራና አንዳንድ የባሕር ምግቦች ናቸው የጨመሩት። ይህን ይዘህ ሂድና አወያየው።

ደም ግፊት ያለባችሁም ልብ በሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። ከሱቅ የሚገዛው የመረቅ ኩብ በአብዛኛው ጨው ነው። «መረቅ» ተብሎ በኩብ የተሠራ ውሃ ለሕመምተኛ ስጦታ አይደለም።


ቡሬ ነኝ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡15)

ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ደሜ አንሷል ተብያለሁ። አማቴ መረቅ ጠጪ ትለኛለች። ምስር ብበላ ይሻለኛል?


የምግብ ነገር (ረቡዕ፣ ማታ 1፡50)

መረቅ ውስጥ ብረት በጣም ጥቂት ነው፤ በእሱ ደም አይሞላም። ምስር ብዙ ብረት አለው፣ ሰውነት የሚቀበለው ግን ከፊሉን ነው። ሎሚ ጨምቂበት። ቃሪያና ቲማቲም አብረሽ ብይ። ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲገባ ይረዳል። ቡና ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ አይጠጣ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ይህ ለጎጃም ሰው ከባድ ትእዛዝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ለልጅሽ ስትዪ ቻዪው። ከጤና ጣቢያ የተሰጠሽን የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ደግሞ በምንም ምግብ አትተኪው። ጾም ካልሆነ ቀይ ሥጋውን ራሱን ብይ፤ የሥጋ ብረት በቀላሉ ይገባል።


ሥጋ ቤት ማርቆስ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡05)

ይኸው። ሥጋውን ብዪ። ሰኞ ያልኩት እሱን ነው።


ፍኖተ ሰላም እናት (ረቡዕ፣ ማታ 2፡40)

የእኔ ሕፃን 8 ወሩ ነው። ጎረቤቶቼ በጡጦ መረቅ ስጪው ይላሉ፤ «አጥንቱ እንዲጠና»። ሰጥቼው ነበር፤ ጠግቦ ይተኛል።


የምግብ ነገር (ረቡዕ፣ ማታ 3፡15)

እባክሽ አቁሚው። የምለምንሽ ከልቤ ነው።

የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው። ውሃ በሞላው ቁጥር ለምግብ ቦታ የለውም። ጠግቦ የተኛው በውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ። ያኔ ከሁሉም ክልሎች ከፍተኛው ነበር። ጎጃም ጤፍ፣ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ባቄላ አምርቶ ለሌላው የሚተርፍ አገር ነው። ልጆቻችን የቀነጨሩት እህል ጠፍቶ ብቻ አይደለም። ቀጭን ነገር ስለምናጠጣቸውም ነው። ይህን ቁጥር ባስታወስኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

እንዲህ አድርጊ። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ። እህሉ ገብስ፣ ስንዴ ወይም ጤፍ ይሁን። ጥራጥሬው ተቆልቶና ተከክቶ ልጡ የወጣ ሽምብራ፣ አተር ወይም ባቄላ ይሁን። አብረሽ አስፈጪው። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይንጠባጠብ ይሁን። ዘይት ወይም ቅቤ ጣል አድርጊበት። በጾም የእናት ጾም ወደ ሕፃኑ አይተላለፍ፤ እንቁላል ካለሽ አስኳሉንም ነጩንም አብስለሽ ስጪው። ጡትሽን አታቋርጪ። ጡጦውን ጣዪው፣ በጽዋና በማንኪያ ይመገብ። የቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አሠራሩን በእጅ ታሳይሻለች።


ፍኖተ ሰላም እናት (ረቡዕ፣ ማታ 3፡25)

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። አመሰግናለሁ።


ጥያቄ አለኝ (ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡30)

እንግዲህ አሳመንከኝ። ያ ከሆነ ሥጋ ጨርሶ አያስፈልግም ማለት ነው? በጥራጥሬ ብቻ ዕድሜ ልክ መኖር ይቻላል?


የምግብ ነገር (ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡10)

እሱን አላልኩም። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ። ጥራጥሬ ውስጥ የለም። አረጋውያን ደግሞ ከምግብ የሚቀበሉት አቅም ይቀንሳል። ከጾሙ ውጪ በሚበሉት ከሞሉት ጾሙ ብቻውን አይጎዳቸውም። እጅና እግር ከደነዘዘ፣ ሲራመዱ ከተንገዳገዱ፣ ማስመርመር ነው።

ሌላ ሳልናገር የማላልፈው ነገር፣ ጓያ። ርካሽ የሽሮ ዱቄት ውስጥ ጓያ ሊቀላቀል ይችላል። ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ ለወራት ከተበላ እግርን ያሽመደምዳል፤ ያ ሽባነት አይመለስም። አልፎ አልፎ በጥቂቱ መብላትና በየቀኑ በእሱ መኖር አንድ አይደለም። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም። ለሕመምተኛ የሚሆነውን ሽሮ ከቻላችሁ እህሉን ራሳችሁ ገዝታችሁ፣ ለቅማችሁ፣ ቆልታችሁ አስፈጩት።


የሞጣዋ (ቅዳሜ፣ ማታ 1፡00)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእማማን በቆልት እናቴ ሠራችው፤ አባዬ ወዶታል። ሆዱም አልተነፋም። ምስሩን በሎሚ ይበላል። ወንድሜ አጥንቱን ትቶ ለውዝና ሽምብራ ገዝቶ መጣ።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ፋሲካ ሲደርስ እንዴት እንጀምርለት? ሌላው ደግሞ፣ መብላቱን ብቻ ሳይሆን መሻሉን በምን እናውቃለን?


የምግብ ነገር (ቅዳሜ፣ ማታ 2፡20)

በጣም ደስ አለኝ።

ፋሲካ ሲደርስ በአንድ ቀን ዶሮ፣ ሥጋና ቅቤ አትጫኑባቸው። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ሆዳቸው ይታወካል። በትንሽ ይጀምሩ። መረቁን ያኔ ሥሩት፤ ግን የአተር ክክ አብስላችሁ ጨምሩበት። ሥጋውን በጣም አድቅቃችሁ እዚያው ውስጥ አድርጉ። ልጆቹ ሥጋውን እንዳይወስዱባቸው። ጨው ቀለል ይበል። እንቁላልና እርጎም ያኔ ይጨመር። ሽሮውንና ምስሩን ግን አታቋርጡ።

መሻላቸውን ለማወቅ በሳምንት አንድ ጊዜ መዝኗቸው፣ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ሰዓት። ከወንበር ሳይደገፉ መነሣት መሞከራቸውን እዩ። በየቀኑ ትንሽ ያራምዷቸው፤ ጡንቻ ካልተንቀሳቀሰ ምግቡ ብቻ አይሠራውም። ክብደታቸው ከቀነሰ፣ እግራቸው ካበጠ፣ ሳሉ ወይም ትኩሳቱ ከተመለሰ ፋሲካን ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ይመለሱ።


እማማ ዘብቸና (ቅዳሜ፣ ማታ 2፡45)

ክኩን በመረቅ ስትሠሪ መጀመሪያ ክኩን ለብቻው አብስዪው፣ መረቁን ኋላ ጨምሪ።  ኮረሪማ ትንሽ።